ምዕራፍ ሰባት፦ የድካም ዋጋና የመሄድ ነፃነት

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 ዓ.ም. በኖቬምበር ወር፣ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ቡድኑን ዋና አሠልጣኝ ከሥራ ባሰናበተ ጊዜ፣ አስቀድሞ የፈረመው ውል ስላስገደደው፣ ሰውየው ከዚያ ቀን ጀምሮ ለማይሠራው ሥራ ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ገባ። በዚያው ቡድን ውስጥ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሰውነቱን ከሌላው ሰውነት ጋር እያጋጨ የሚውለው የ20 ዓመት ወጣት ግን፣ በዚያን ዓመት ከዩኒቨርሲቲው በደመወዝ ስም አንዲት ዶላር እንኳ እንዲቀበል ደንቡ አይፈቅድለትም ነበር። ሁለቱ ሰዎች የአንድ ቡድን ልብስ ለብሰው በአንድ ሜዳ ውለዋል፤ አንዱ ሲያዝዝ ሌላው ሲታዘዝ፣ አንዱ ሲሰናበት እንኳ ሲከብር ሌላው ጉልበቱ ሲሰበር ባዶ እጁን ሲቀር፣ ይህ ልዩነት በምን ሥርዐት እንደ ተመሠረተና በማን ብያኔ መፍረስ እንደ ጀመረ መመርመር የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ ነው። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፉትቦል ስል አንባቢ በአገራችን እግር ኳስ የምንለውን እንዳያስብ እለምናለሁ። አሜሪካውያን በዚህ ስም የሚጠሩት፣ የራስ ቁር የደፉና ትከሻቸውን በመከላከያ የሸፈኑ 11 ተጫዋቾች፣ ሞላላ ኳስ በእጃቸው ይዘው፣ ሌሎች 11 ተጫዋቾች በሰውነታቸው የዘጉትን መንገድ እየጣሱ ወደፊት የሚገፉበትን ጨዋታ ነው። የመጀመሪያው የኮሌጆች ግጥሚያ በ1869 በራትገርስና በፕሪንስተን መካከል ሲደረግ፣ ከተማሪዎችና ከጥቂት ተመልካቾች በቀር ያየው ሰው አልነበረም፤ ዛሬ ግን የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ብቻውን ከ107 ሺህ የሚበልጥ መቀመጫ አለው፤ ቢግ ቴን የተባለው የዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር በ2022 የጨዋታዎቹን የቴሌቪዥን መብት ለሰባት ዓመት ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ዋጋ ሸጧል፤ በዓመቱ መጨረሻ ሻምፒዮኑ የሚለይባቸውን ጥቂት ግጥሚያዎች ለማሳየት ደግሞ ኢኤስፒኤን የተባለው ጣቢያ በ2024 ለስድስት ዓመት 7.8 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። በብዙ ግዛቶች ከመንግሥት ሠራተኞች ሁሉ ከፍተኛውን ደመወዝ የሚቀበለው አገረ ገዢው ወይም ዳኛው አይደለም፤ የዩኒቨርሲቲው የፉትቦል አሠልጣኝ ነው።

እንዲህ ያለ ገበያ ከተተከለ በኋላ፣ በገበያው መካከል የቆመው ባለ ድካም ብቻ ያለ ዋጋ እንዲቀር ያደረገው ትምህርት አማተርነት ይባላል፤ ይኸውም ስፖርት ንጹሕ የሚሆነው ስፖርተኛው ገንዘብ ያልተቀበለ እንደ ሆነ ነው የሚል ነው። የዚህ ትምህርት ትውልዱ በ19ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ ባለጸጎች መካከል ነው። በቴምዝ ወንዝ ላይ የሚደረገውን የሄንሊ የጀልባ ውድድር የሚያስተዳድሩት ሹማምንት በ1879 ባወጡት ደንብ፣ ደመወዝ እየተቀበለ በእጁ ሥራ የሚተዳደር መካኒክ፣ የእጅ ባለሙያ ወይም የጉልበት ሠራተኛ ከአማተሮች ቁጥር እንዳይገባ በግልጽ ከለከሉ። ለሠራተኛው የተከለከለው በጀልባ ቀዝፎ ገንዘብ መቀበል ብቻ አልነበረም፤ በሌላ ቀን በሌላ ቦታ በላቡ እንጀራውን መብላቱ ራሱ እንደ ነውር ተቈጠረበት። ስለዚህ ደንቡ የቆመው ባለጸጋውን ከድኻው ለመለየት ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም፤ ንጽሕና የሚለው የከበረ ቃል ለዚህ መለያየት መጋረጃ እንዲሆን መደረጉ ያሳዝናል።

ይህ ትምህርት ውቅያኖስ ተሻግሮ አሜሪካ ሲደርስ ከጎዳቸው ሰዎች መካከል ጂም ቶርፕን የሚያህል የለም። ከነባር አሜሪካውያን ከሳክና ፎክስ ነገድ የተወለደው ይህ ወጣት፣ በፔንስልቬንያ በሚገኘው በካርላይል ትምህርት ቤት ሲማር፣ በ1911 ሃርቫርድን 18 ለ 15 ላሸነፈው ቡድን ዋና ተጫዋች ነበረ፤ በማግሥቱ ዓመት በስቶክሆልም ኦሊምፒክ በፔንታትሎንና በዴካትሎን ሁለት የወርቅ ሜዳልያ ተቀዳጀ። ነገር ግን በ1909 እና በ1910 በትምህርት ዕረፍት ወራት በኖርዝ ካሮላይና ቤዝቦል ተጫውቶ ጥቂት ገንዘብ መቀበሉ በታወቀ ጊዜ፣ በ1913 ሜዳልያዎቹ ተወሰዱ፣ ስሙም ከመዝገብ ተፋቀ። በ1953 ሲሞት ክብሩ አልተመለሰለትም ነበር። የኦሊምፒክ ኮሚቴ በ1983 ሜዳልያውን ለልጆቹ ሰጠ፤ ብቸኛው አሸናፊ መሆኑን ግን ያወጀው በ2022 ነው፤ ይህም ከድሉ ከ110 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ሌሎች ተማሪዎችም እንደ እሱ ይጫወቱ ነበር፤ ስማቸውን እየለወጡ በመጫወታቸው ግን ተሰወሩ፤ ቶርፕ በእውነተኛ ስሙ ስለ ተጫወተ ተቀጣ።

ደንቡን በኮሌጆች ላይ ሲያስፈጽም የኖረው ኤንሲኤኤ በሚል አኅጽሮት የሚታወቀው ብሔራዊ የኮሌጆች አትሌቲክስ ማኅበር ነው። አመሠራረቱ ለበጎ ነበር። በ1905 የጨዋታ ወቅት ጋዜጦች የቈጠሯቸው 18 ወጣቶች በፉትቦል ሜዳ ላይ በደረሰባቸው ጉዳት ሞቱ፤ በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የሃርቫርድን፣ የዬልንና የፕሪንስተንን ሰዎች ወደ ቤተ መንግሥታቸው ጠርተው ጨዋታው እንዲታረም ተናገሩ፤ ከዚያም ጉባኤ ተከትሎ በ1906 ማኅበሩ ተቋቋመ። እንግዲህ የወጣቶችን ሕይወት ለመጠበቅ የተወለደው ማኅበር፣ ዘመን በገፋ ቁጥር የወጣቶችን ገቢ የሚከለክል ማኅበር ሆነ፤ ኮሌጆቹ ግን በስውር መክፈላቸውን አልተዉም፤ ይህንንም የካርኔጊ ድርጅት በ1929 ባወጣው ሰፊ ጥናት ገልጦታል። በ1956 ማኅበሩ በስፖርት ችሎታ ነፃ ትምህርት መስጠትን ፈቀደ፤ ይኸውም የትምህርት ክፍያ፣ መኖሪያና ምግብ ለተጫዋቹ እንዲሰጥ፣ ደመወዝ ግን እንዳይከፈለው ማለት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የምናገረው ነገር በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ እጅግ የሚከብደኝ ነው። የኮሎራዶ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1953፣ ለዴንቨር ዩኒቨርሲቲ ፉትቦል ሲለማመድ የተጎዳ ተማሪ፣ በግቢው ውስጥ የተሰጠው ሥራ ከጨዋታው ጋር የተያያዘ መሆኑን አይቶ፣ እንደ ማናቸውም ሠራተኛ የጉዳት ካሣ ይገባዋል ብሎ ፈረደ። ይህ ፍርድ በየግዛቱ ቢከተሉት ኮሌጆች ለተሰበረ እጅና እግር ሁሉ ተጠያቂ ሊሆኑ ነው። በዚያን ጊዜ የማኅበሩ ዋና ሥራ አስኪያጅ የነበሩት ዋልተር ባየርስ፣ ከሕግ አማካሪዎቻቸው ጋር መክረው፣ ተጫዋቾች በደንብና በጽሑፍ ሁሉ ተማሪ አትሌት ተብለው እንዲጠሩ አዘዙ፤ ተማሪ ከተባለ ሠራተኛ አይባልምና። በ1955 በዚያው በኮሎራዶ ግዛት ለፎርት ሉዊስ ኮሌጅ የሚጫወት አንድ ወጣት ራሱን ተመትቶ ሞተ፤ ባለቤቱም የባሏን የሞት ካሣ ጠየቀች። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደረሰና በ1957 ኮሌጁ የፉትቦል ንግድ የሚነግድ አይደለም በሚል ምክንያት ጥያቄዋ ውድቅ ሆነ። ባል የሞተባት ሴት ባዶ እጇን ተመለሰች፤ ይህም ፍርድ ከዚያ በኋላ ለመጡት ሌሎች ፍርዶች ምሳሌ ሆነ።

ባየርስ ማኅበሩን ከ1951 እስከ 1987 ድረስ ገዝተው ከጡረታ በኋላ በ1995 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ራሳቸው ያቆሙት ሥርዐት ተጫዋቾችን የሚበዘብዝ መሆኑን፣ አማተርነትም ለኮሌጆች ጥቅም የተዘረጋ የገበያ ቍጥጥር መሆኑን ጽፈው ተናዘዙ። የኑዛዜያቸውን ቅንነት አልጠራጠርም፤ በሕይወት ዘመን የሠሩትን ሥራ በአደባባይ መንቀፍ ለማንም ቀላል አይደለም። ሆኖም ኑዛዜው ለተበደሉት አንዳች ካሣ አላስገኘም።

ሥርዐቱ በዚህ አላበቃም። በ1973 ማኅበሩ ለአራት ዓመት ይሰጥ የነበረውን ነፃ የትምህርት ዕድል በየዓመቱ የሚታደስ እንዲሆን አደረገው፤ ስለዚህ አሠልጣኙ ያልወደደው ወይም በጉዳት የደከመ ተጫዋች በዓመቱ መጨረሻ ዕድሉን ሊያጣ ይችል ጀመር፤ ኮሌጆች ከአንድ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ ቃል እንዲገቡ እንደገና የተፈቀደላቸው በ2012 ነው። በ2014 በቺካጎ የሚገኝ የመንግሥት የሠራተኛ ጉዳይ ሹም የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲን ጉዳይ ሲመረምር፣ ተጫዋቾቹ በጨዋታው ወቅት በሳምንት ከ40 እስከ 50 ሰዓት ለፉትቦል እንደሚያውሉ፣ አሠልጣኞቻቸውም በኑሯቸው ላይ ሁሉ እንደሚያዝዙ አረጋግጦ፣ ሠራተኞች ናቸው፣ የሠራተኛ ማኅበርም ማቋቋም ይችላሉ ብሎ በየነ። ይህን ብያኔ በማግሥቱ ዓመት በዋሽንግተን ያለው የበላዩ የሠራተኛ ጉዳይ ቦርድ፣ ተጫዋቾቹ ሠራተኞች መሆን አለመሆናቸውን ሳይወስን፣ ጉዳዩን አልመለከትም በማለት አስቀረው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ፣ ወደ መሄድ ነፃነት እንለፍ። ለብዙ አሥርት ዓመታት በነበረው ደንብ መሠረት፣ ከአንዱ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው የተዛወረ የፉትቦል ተጫዋች፣ በአዲሱ ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓመት ሙሉ እየተለማመደ ነገር ግን ሳይጫወት እንዲቀመጥ ይገደድ ነበር፤ አራት የጨዋታ ወቅቶችን በአምስት ዓመት ውስጥ መጨረስ ስለ ነበረበትም፣ አስቀድሞ አንድ ዓመት ካለፈው ይህኛው ከወጣትነት ዕድሜው ተቈርጦ ይጠፋበት ነበር። ከዚህም በላይ እስከ 2018 ድረስ የቀድሞው ዩኒቨርሲቲ ፈቃድ ካልሰጠ፣ ሌላው ነፃ ትምህርት ሊሰጠው ቀርቶ ሊያነጋግረው እንኳ አይችልም ነበር፤ አንዳንድ አሠልጣኞችም ወደዚህ አትሂድ፣ ወደዚያ አትሂድ እያሉ የተከለከሉ ዩኒቨርሲቲዎችን ዝርዝር ይሰጡ ነበር። አሠልጣኞቹ ራሳቸው ግን እንዲህ ያለ እገዳ አያውቁም፤ በ2021 በኖቬምበር መጨረሻ ሊንከን ራይሊ ኦክላሆማን ትተው ወደ ሳውዘርን ካሊፎርኒያ፣ ብራያን ኬሊም ኖተርዳምን ትተው በ10 ዓመት 95 ሚሊዮን ዶላር ያህል በሚያወጣ ውል ወደ ሉዊዚያና ስቴት በዚያው ሳምንት ሲሄዱ፣ አንዳቸውም አንድ ዓመት እንዲቀመጡ አልተጠየቁም። በእነሱ ቃል ተማምነው የመጡት ወጣቶች በኋላ ቀሩ።

በአገራችን የአብነት ትምህርት ቤት፣ ዜማውን ከአንድ መምህር የተማረ ተማሪ፣ ቅኔውን ለመቀጸል ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን አንግቶ ወደ ሌላ አገር ወደ ሌላ መምህር ሲሄድ፣ የሄደበት ደብር አንድ ዓመት አፍህን ዘግተህ ተቀመጥ አላለውም። ተማሪነት የሚሻለውን መምህር ፍለጋ መሄድን ይጨምራልና፣ ለተማሪው ደኅንነት ሲባል እንዳይሄድ እንከለክለዋለን የሚለው ምክንያት በተማሪነት ስም የሚቀርብ ሊሆን አይገባውም።

ደመወዝና ዝውውር ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ሆነው ይቀርባሉ፤ እኔ ግን አንድ ጥያቄ ናቸው እላለሁ። መሄድ የማይችል ሰው የድካሙን ዋጋ ሊከራከር አይችልም፤ ክፈለኝ ቢል፣ አሠሪው የት ትሄዳለህ ይለዋልና። መሄድ የሚችልም ቢሆን፣ ገዢዎቹ ሁሉ ዋጋውን በአንድነት ተማክረው ባዶ ካደረጉት፣ በደረሰበት ሁሉ ያንኑ ባዶ ያገኛል። ማኅበሩ ሁለቱንም መቈለፊያ በአንድ እጅ ይዞ ስለ ኖረ ነው ሥርዐቱ ያን ያህል ዘመን የጸናው፤ አንዱን የሚከፍትና ሌላውን የሚተው መፍትሔም ለዚህ ነው የማይበቃው።

ፍርድ ቤቶች ነገሩን የከፈቱት ቀስ በቀስ ነው። በ1984 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ የኦክላሆማና የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲዎች ባቀረቡት ክስ፣ ማኅበሩ የቴሌቪዥን ጨዋታዎችን መገደቡ የንግድ ውድድርን የሚጠብቀውን ሕግ ይጥሳል ብሎ 7 ለ 2 በሆነ ድምፅ ፈረደ፤ ዩኒቨርሲቲዎቹ ጨዋታቸውን በፈለጉት ዋጋ ለመሸጥ ነፃ ወጡ፤ ጨዋታውን የሚጫወቱት ግን በዚያው ፍርድ ውስጥ ክፍያ እንዳይቀበሉ መደረጋቸው እንደ ተገቢ ነገር ተጠቀሰ። በ2009 የዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች የነበረው ኤድ ኦባነን መልኩ ያለ ፈቃዱ በቪዲዮ ጨዋታ ላይ ስለ ተሸጠ ከሰሰ፤ ከፊል ድልም አገኘ። ካሊፎርኒያ በ2019 ተጫዋቾች በስማቸውና በመልካቸው እንዲጠቀሙ የሚፈቅድ ሕግ አወጣች። ከሁሉ የከበደው ግን የዌስት ቨርጂኒያ ተጫዋች በነበረው በሾን ኦልስተን ስም የሚታወቀው ጉዳይ ነው፤ በ2021 በጁን 21 ቀን ዘጠኙም የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች በአንድ ድምፅ፣ ማኅበሩ ለትምህርት የሚረዱ ጥቅሞችን መገደቡ ሕገ ወጥ ነው ብለው ፈረዱ፤ ዳኛ ብሬት ካቫና ደግሞ በጨመሩት አስተያየት፣ በሌላ በማናቸውም የአሜሪካ ንግድ አሠሪዎች ተስማምተው ለሠራተኛ ተገቢ ዋጋ አንከፍልም ቢሉ ሕግ እንደማይምራቸው ጻፉ። ከ10 ቀን በኋላ ማኅበሩ ተጫዋቾች ስማቸውንና ምስላቸውን ለማስታወቂያ እንዲሸጡ ፈቀደ።

ዝውውሩም እንዲሁ ሆነ። በ2018 በኦክቶበር ወር ተጫዋቹ ፈቃድ ሳይለምን ስሙን የሚያስመዘግብበት፣ ፖርታል የሚባለው የዝውውር መዝገብ ተከፈተ፤ በ2021 አንድ ጊዜ ሳይቀመጡ መዛወር ተፈቀደ፤ በ2023 በዲሴምበር ወር ደግሞ ሰባት ግዛቶች ባቀረቡት ክስ አንድ የፌዴራል ዳኛ ለሁለተኛ ጊዜ በሚዛወሩት ላይ የቀረውን እገዳ አቆሙ፤ በ2024 ትምህርቱን በሚገባ የያዘ ተጫዋች ሁሉ እንደ ፈቀደ እንዲዛወር ተደነገገ።

በመጨረሻም በ2025 በጁን 6 ቀን ተጫዋቾች ማኅበሩን በከሰሱበት ጉዳይ ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን ባጸደቁት ስምምነት፣ ከ2016 ጀምሮ ለተጫወቱ አትሌቶች 2.8 ቢሊዮን ዶላር በ10 ዓመት ውስጥ እንዲከፈል፣ ከጁላይ 1 ቀን ጀምሮም በስምምነቱ የገባ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለአትሌቶቹ በቀጥታ መክፈል እንዲችል ተወሰነ። ይህን ታላቅ ለውጥ ማቃለል አልፈልግም። ነገር ግን ወሰኑን ማን አቆመው? የከሳሽ ጠበቆችና ተከሳሹ ማኅበር ናቸው። ኤንኤፍኤል በተባለው የባለሙያዎች የፉትቦል ሊግ የሚጫወቱትም የደመወዝ ጣሪያ አለባቸው፤ እነሱ ግን በማኅበራቸው አማካይነት ተደራድረው ከገቢው 48 በመቶ ያህሉን ለራሳቸው አስወስነዋል፤ የኮሌጁ ወጣት ድምፅ ያልሰጠበት ጣሪያ ተጭኖበታል።

ተቃዋሚዎች የሚያቀርቡት ሥጋት ባዶ አይደለም። ገንዘቡ ወደ ፉትቦል ሲያዘነብል ዋናተኛውና ትግለኛው ቡድን ሊዘጋባቸው፣ በ1972ቱ ሕግ እኩል ዕድል ያገኙት ሴቶች ድርሻ ሊቀንስባቸው ይችላል፤ በየዓመቱ ዩኒቨርሲቲ የሚለውጥ ተማሪም የተማረውን ኮርስ አዲሱ ዩኒቨርሲቲ ሳይቀበለው ቀርቶ ያለ ዲግሪ ሊቀር ይችላል፤ ከመቶ የኮሌጅ ተጫዋቾች ሁለት ያህል እንኳ ወደ ኤንኤፍኤል አያልፉምና ይህ የመጨረሻው ሥጋት እኔንም ያሳስበኛል። ሆኖም የዋናተኛውን መዋኛ ለማስጠበቅ የፉትቦል ተጫዋቹን ዋጋ መውሰድ ምን ዓይነት ርትዕ ነው? ለተሰናባች አሠልጣኝ 75 ሚሊዮን የተገኘበት ካዝና ለዋናተኛም ይበቃል። ለዝውውሩም ብዛት ፈውሱ የብዙ ዓመት ውል ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ተጫዋቹ ዲግሪ እስኪይዝ ድረስ ትምህርቱንና ደመወዙን ሊሰጥ፣ ከሜዳ ከወጣ በኋላም በጨዋታ የደረሰበትን ጉዳት ሊያሳክም ቃል ቢገባ፣ ተጫዋቹም በፈቃዱ ለተወሰነ ዓመት ይጸናል፤ ሁለቱንም ወገን የሚያስር ውል አንዱን ብቻ ከሚያስር ደንብ የተሻለ መሆኑን አሠልጣኞቹ በራሳቸው ውል አሳይተውናል።

እንዲህ ያለው ውል ሊጻፍ የሚችለው ግን ተጫዋቹ በሕግ የሚደራደርበት ማኅበር ሲኖረው ነው። በ2024 በማርች ወር የዳርትመዝ ኮሌጅ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች 13 ለ 2 በሆነ ድምፅ ማኅበር ለማቋቋም ወሰኑ፤ ኮሌጁ አልደራደርም አለ፤ ጥያቄያቸውም በዓመቱ መጨረሻ ከቦርዱ ተመልሶ ተወሰደ። ኮንግረስ ስለ ኮሌጅ ስፖርት ሕግ እንዲያወጣ ኤንሲኤኤ ደጋግሞ ሲጠይቅ የሚፈልገው ዋና ነገር ከክስ የሚጠብቀው ከለላ ነው። ኮንግረስ ይህን ከለላ ለመስጠት ቢያስብ፣ አስቀድሞ የተጫዋቾችን የመደራደር መብት በሕጉ የመጀመሪያ አንቀጽ ሊጽፍ ይገባዋል፤ ያለዚያ ለኤንሲኤኤ የሚሰጠው ከለላ ሁሉ በ1957 በኮሎራዶ ከተሰጠው ፍርድ ጋር አንድ ዐይነት ፍርድ ይሆናል።